የጊዜ ቅደም ተከተል ሲጠፋ፦ አረቄ፣ ትውስታና የቃል ታሪክ በዋጃ

(ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል ከቀረበው ገለጻ የተገለበጠ ነው። ዓመታቱ «እ.ኤ.አ.» ተብለው ካልተጠቀሱ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬው ገለጻዬ በሁለት የሙያ መስኮች ድንበር ላይ የቆመ ነው። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለ አንጎል የምናገረውን ያገኘሁት ከሐኪሞች ጽሑፎችና የማላውቀውን በትዕግሥት ካስረዱኝ የሕክምና ባልደረቦቼ ነው። ርእሱን እንዳነሣ ያስገደደኝ የራሴ ስሕተት ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ በጻፍሁት ጥናት ውስጥ የአንድ ሰው ምስክርነት በግርጌ ማስታወሻ ሦስት ጊዜ ጠቅሻለሁ። ያ ምስክርነት በተነገረበት መልኩ እውነት አልነበረም። ሰውየው ግን አልዋሹም። አንድ ሰው ሳይዋሽ፣ ያውም በሙሉ እምነት፣ ያልሆነውን ሆነ ብሎ እንዴት ሊናገር ይችላል? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ብዙ ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ መልሱ እኛ የታሪክ ሰዎች ምስክር የምንመርጥበትን መንገድ የሚነካ በመሆኑ ዛሬ በፊታችሁ አቀርበዋለሁ።

በአረቄ ቤት የተገኘ ምስክር

ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው ጎዳና ላይ፣ በራያ ቆላ ሜዳ የምትገኝ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። በስተምዕራብ የደጋው ተራራ፣ በስተምሥራቅ የዞብል ሰንሰለት ከበዋታል። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ሲመጣ ማሽላው ያምራል፤ ሲቀር አገሩ ይራባል። አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ የሚሰማበት፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን የሚኖርበት አገር ነው። ስለ ማይጨው ዘመቻ፣ ስለ 1935ቱ የወያኔ አመፅ፣ ስለ ረሃቡ ዘመን የሚታወሰው ነገር ከመዝገብ ይልቅ በሰዎች አንደበት ይገኛል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የታሪክ ተማሪ ወደ ራያ የሚሄደውም በቃል ያለው ሳይረሳ እንዲጻፍ ነው።

እኔም በ1988 ዓ.ም. የ1977ቱን ረሃብ ለማጥናት ወደዚያ ወረድሁ። ስለ ረሃቡ «የሚያውቅ ሰው» ብዬ ስጠይቅ ወደ አንድ አረቄ ቤት መሩኝ። በዚያ ያገኘኋቸው ሰው ዕድሜያቸው ከሃምሳ ብዙም ያልዘለለ፣ ከመልካቸው ግን ሰባ የሚሞላቸው የሚመስሉ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበሩ። እኔ «አያ» እያልሁ እጠራቸው ነበር። ገና ረፋድ ሳለ ሁለተኛው መለኪያ ከፊታቸው ነበር። ሦስተኛውን እኔ ጋበዝሁ። በወቅቱ የነበርን ተማሪዎች የምላስ ቁልፍ የምንለው መጠጥ ነበርና ሒሳቡን ከመስክ ወጪዬ ከፈልሁ።

አያ በአላማጣ የእርዳታ ጣቢያ እህል ሲያድሉ እንደነበር ነገሩኝ። ጆንያው ምን ያህል እንደሚከብድ፣ በትከሻ ላይ እንዴት እንደሚቆረቁር፣ የተራበው ሰው በምን ዓይነት ሰልፍ እንደሚቀመጥ፣ ልጅ የታቀፈች እናት ተራዋ ሲደርስ እጇን እንዴት እንደምትዘረጋ ዘረዘሩልኝ። ይህን ያህል ጥቃቅን ነገር የሚያስታውስ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር። ማስታወሻዬን ሞልቼ ተመለስሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሜ ሄድሁ። አያ ቀና ብለው አይተውኝ «ከየት መጣህ ልጄ?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። እንደገና ስጠይቃቸው በዚያ ዘመን ኮረም ላይ መቃብር ሲቆፍሩ እንደነበር፣ በተመሳሳይ ዝርዝርና በተመሳሳይ እርግጠኝነት አወጉኝ። አለመጣጣሙን አይቻለሁ፤ ነገር ግን «ሁለቱም ቦታ ሠርተው ይሆናል» ብዬ አለፍሁት። ወጣት ነበርሁ፤ የመመረቂያው ቀን ደርሶ ነበር፤ ታሪኩም ያምር ነበር። ባለቤታቸው ከጓዳ ወደ ደጅ እየተመላለሱ መለኪያውን ሲሞሉ፣ አንዳንዴም ቆም ብለው ሲሰሙ አስታውሳለሁ። እሳቸውን አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁም።

ከበርሊንና ከሞስኮ የመጣ መልስ

መልሱን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ አንድ ሐኪም ወዳጄ ባዋሰኝ ጽሑፍ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒከ የሦስት ሕሙማንን ሁኔታ አሳተመ። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ በብዛት የጠጡ ወንዶች ሲሆኑ ሦስተኛዋ አሲድ ጠጥታ መመገብ ያቃታት ወጣት ሴት ነበረች። ሦስቱም ዓይናቸውን እንደ ልብ ማንቀሳቀስ አቃታቸው፤ አካሄዳቸው ተንገዳገደ፤ አእምሯቸው ተደናገረ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ቴዎዱል ሪቦ ስለ ትውስታ ሕመሞች ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትውስታ ሲፈርስ በቅርብ ጊዜ የተያዘው ቀድሞ እንደሚጠፋና የጥንቱ እስከ መጨረሻ እንደሚቆይ አስተማረ።

ከዚያ በኋላ ሰርጌይ ኮርሳኮፍ የተባለ ሩሲያዊ የአእምሮ ሐኪም በ1887 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ላይ በአልኮል ምክንያት ስለሚመጣ ሽባነት የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። በዚያና በተከታዮቹ ሥራዎቹ የገለጻቸው ሕሙማን አስገራሚ ነበሩ። በጨዋታ ብልህ ናቸው፤ በወግ አይረቱም፤ ነገር ግን ከደቂቃዎች በፊት ያነጋገሩትን ሰው አያስታውሱም። ከዚህም በላይ የጎደለውን ክፍል ባልሆነ ነገር ይሞሉታል። ከአልጋቸው ያልወረዱ ሰዎች «ትናንት ሩቅ ቦታ ሄጄ ነበር» ብለው በዝርዝር ይተርካሉ። ኮርሳኮፍ ይህን «ሐሰተኛ ትዝታ» አለው። ልብ በሉ፤ ሐሰተኛ ያለው ትዝታውን እንጂ ሰውየውን አይደለም። በ1897 እ.ኤ.አ. ፍሪድሪሽ ዮሊ ሕመሙ በኮርሳኮፍ ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ፤ እስከ ዛሬም ይጠራበታል።

የቬርኒከም የኮርሳኮፍም ሕሙማን ሁሉ ጠጪዎች አለመሆናቸው የሐኪሞቹን ትኩረት ቀስ በቀስ ከመጠጡ ወደ ምግቡ መራ። በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ሆላንዳዊው ክሪስቲያን አይክማን በጃቫ ደሴት የተፈተገ ሩዝ ብቻ የተመገቡ ዶሮዎች እግራቸው ሲልፈሰፈስ፣ ገለባው ያልተነሣለትን ሲመገቡ ሲድኑ አየ። በገለባው ውስጥ የነበረው ዛሬ ቲያሚን ወይም ቫይታሚን ቢ1 የምንለው ነው። ሮበርት ዊሊያምስ በላቦራቶሪ የሠራው በ1936 እ.ኤ.አ.፣ እኛ ማይጨው ላይ በተዋጋንበት ዓመት ነው።

ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። አንጎል ከስኳር ኃይል ለማውጣት ቲያሚን ያስፈልገዋል። ሰውነት የሚያከማቸው ግን ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚበቃ ነው። ለረጅም ዘመን በብዛት የሚጠጣ ሰው በሦስት በኩል ይጎዳል፤ እህል አይቀምስም፤ የቀመሰውንም ቲያሚን አንጀቱ በሚገባ አይቀበልም፤ የታመመ ጉበቱም አያከማችለትም። ጉድለቱ ሲጸና በአንጎል መካከል ያለው ታላመስ የተባለው ክፍልና በአንጎል ሥር የሚገኙ ሁለት ጥቃቅን ጉብታዎች ይጎዳሉ። እነዚህ አዲስ የደረሰብንን ነገር መቼና የት እንደደረሰ ለይቶ ለማኖር የሚረዳው መረብ አካል ናቸው። አልኮሉ በራሱም፣ ምግብ ባይጎድል እንኳ፣ በተለይ የማመዛዘንና ራስን የመመርመር ሥራ የሚከናወንበትን የፊተኛውን የአንጎል ክፍል በዓመታት ብዛት ያኮማትረዋል። ስለዚህ የታመመው ሰው የተዛባውን ትዝታ የሚያርምበት ዳኛም ይጎድለዋል።

ለታሪክ ሰው ዋናው ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ሐሰተኛው ትዝታ ብዙ ጊዜ ከምንም የተፈጠረ ተረት አይደለም። ስብርባሪው እውነት ነው፤ የጠፋው ማሰሪያው ነው። መቼ? የት? በማን ላይ? ያየሁት ነው ወይስ የሰማሁት? ሕመሙ የሚወስደው እነዚህን ነው። እኛ ደግሞ ታሪክ ብለን የምንሠራው በእነዚሁ በአራቱ ነው።

ከጠላ ወደ አረቄ

እዚህ ላይ «ኢትዮጵያውያን ከጥንት ጀምሮ ስንጠጣ የኖርን አይደለንምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አዎን። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን አገራችንን ሲጎበኝ የማር ጠጅ በግብር ላይ ያለውን ክብር አይቶ ጽፏል። ጠጅ የቤተ መንግሥቱና የመኳንንቱ፣ ጠላ የባላገሩ መጠጥ ሆነው ዘመናት አልፈዋል። ሁለቱም ግን በእርሾ የሚፈሉ፣ የአልኮል መጠናቸው የተወሰነ፣ ለበዓል፣ ለሰርግ፣ ለደቦ፣ ለማኅበር ተጠምቀው በምግብ የሚታጀቡ መጠጦች ናቸው። ጠላ ከእህሉና ከእርሾው የተረፈ ጥቂት ንጥረ ነገርም ይዞ ይቀራል። ይህን ስል ጠላ አይጎዳም ማለቴ አይደለም፤ ከአረቄ ያለውን ልዩነት ለማሳየት ነው።

አረቄ ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በዚያ ቋንቋ «ላብ» ማለት ነው። የተብላላው ድፍድፍ እሳት ላይ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ላብ ሆኖ ይንጠባጠባል። በእንፋሎት የሚያልፈው አልኮሉ ነው፤ የእህሉ ቲያሚን በድፍድፉ ውስጥ ይቀራል። የአልኮል መጠኑ እስከ 40 በመቶ ይደርሳል፤ ዳግም የወጣው ከዚያም ያልፋል። አይበላሽም፤ በጠርሙስ ይጓዛል፤ በመለኪያ ይቸረቸራል። ጠላን ማኅበር ይጠጣዋል፤ አረቄን ግን አንድ ሰው ብቻውን፣ ማለዳ፣ በባዶ ሆድ ሊጠጣው ይችላል። በማሽላ አገር ጥሬው ሞልቷል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያሠራው የአስመራና የደሴ ጎዳና ሜዳውን ካቋረጠ በኋላ ደግሞ እንደ ዋጃ ያሉ የመንገድ ዳር ከተሞች መንገደኛና ገንዘብ አገኙ፤ በመንገድ ዳርም ማደሪያውና መጠጥ ቤቱ አብረው ይበቅላሉ።

የሕግ ዓይን ግን ሁልጊዜ ወደ ጠርሙሱ እንጂ ወደ ጋኑ አላየም። በ1890 እ.ኤ.አ. የወጣው የብራስልስ ድንጋጌ ያሳሰበው ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ የሚጫነው መጠጥ ነበር። በ1908 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል የገቢ ቀረጥ ጣሪያን 10 በመቶ ላይ በማሰሩ መንግሥታችን በሚገባው መጠጥ ላይ እንኳ እንደ ልቡ ቀረጥ ለመጣል አልቻለም። በዘመናችንም በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቶ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥን ከልክሏል። መልካም አዋጅ ነው። ነገር ግን የዋጃው አረቄ ቤት ድሮም ማስታወቂያ አልነበረውም።

የምሁራኑም ዓይን ዘግይቷል። ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን አነጋግረው ችግር የሚያስከትል የአልኮል አጠጣጥን የሚመለከት ጥናታቸውን ያሳተሙት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ዋጃ በነበርሁበት ጊዜ የአያን ሁኔታ የአንጎል ሕመም ብሎ የሚጠራ ሰው በአካባቢው አላጋጠመኝም። ሰፈሩ ወይ «ጃጅቷል» ይላል፣ ወይ «ቀጣፊ ሆነ» ይላል። ሃምሳ ዓመት የመጃጃ ዕድሜ አይደለም፤ የሚቀጥፍ ሰውም በሚቀጥፈው ነገር አያተርፍም አይባልም። አያ ከቅጥፈታቸው ያገኙት ትርፍ አልነበረም፤ ያጡት ግን ብዙ ነው። በሽማግሌ ሸንጎ ቃላቸው አይሰማም ነበር፤ በወሰን ክርክር ለምስክርነት የሚጠራቸው አልነበረም። ቃሉ በሚከበርበት አገር ቃሉ የማይታመን ሰው በቁሙ ከማኅበሩ ወጥቷል ማለት ነው።

ያልጠየቅኋቸው ምስክር

ጽሑፉን ካነበብሁ በኋላ ወደ ዋጃ ተመለስሁ። አያ አርፈው ነበር። ባለቤታቸውን አገኘኋቸው። አረቄ ማውጣቱን ትተው ሻይና ቡና ይሸጣሉ። ማን እንደሆንሁ ስነግራቸው ወዲያው አወቁኝ፤ ተቀምጬበት የነበረውን ቦታ ሁሉ አሳዩኝ። ከዚያ በአላማጣ ስላደሉት እህል ጠየቅኋቸው።

«ማን? እሱ?» አሉ። «እሱማ በ77 አሰብ ነበር፤ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸካሚ። አላማጣ የተሰለፍሁት እኔ ነኝ ልጄ። ሕፃን ታቅፌ። ሲመጣ ያየሁትን ሁሉ ነገርሁት፤ ማታ ማታ እየደጋገመ ይጠይቀኝ ነበር። ኋላ መጠጡ ሲጸናበት የእኔን የራሱ አደረገው። አልተቆጣሁትም። አብሮኝ የነበረ እየመሰለኝ ዝም እለው ነበር።»

ለምን ያን ጊዜ እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው። «አልጠየቅኸኝም» አሉኝ።

ያን ዕለት ያወቅሁትን እንደ ታሪክ ሰው ልተንትነው። የጆንያው ክብደትና የትከሻው ቁርቆራ የአያ የራሳቸው እውነተኛ ትዝታ ነበር፤ ቦታው ግን አላማጣ ሳይሆን አሰብ ነው። የሰልፉና የእናቲቱ እጅ የባለቤታቸው እውነተኛ ትዝታ ነበር። የኮረሙ መቃብር ከማን እንደመጣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እነዚህ ስብርባሪዎች ተገጣጥመው አንድ ያልነበረ የእህል አዳይ ፈጠሩ፤ እኔም ያንን ያልነበረ ሰው ሦስት ጊዜ ጠቀስሁት።

የከፋው ጉዳት ሐሰት መጻፌ ብቻ አይደለም። ሁለት እውነተኛ ምስክሮችን አጥቻለሁ። በዚያ ዓመት ከውጭ የመጣው የእርዳታ እህል ብዙው የገባው በአሰብ ነው፤ እህሉን በትከሻው ካወረደው ሠራተኛ ፊት ተቀምጬ ሳለ ስለ አሰብ አንድ ቃል አልጠየቅሁም። በሰልፉ ላይ የቆመችው እናት ደግሞ በእጇ መለኪያ ስትሞላልኝ ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ የዝርዝር ብዛትና የእርግጠኝነት ድምፅ የእውነት ማረጋገጫ አይደሉም። ጃን ቫንሲና በ1961 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ የቃል ትውፊትን እንደ ማንኛውም ማስረጃ በጥብቅ እንድንመረምር ካስተማረን ወዲህ ተራኪው ያለውን ጥቅም፣ ወገንና ስሜት መመርመር ለምደናል። የተራኪውን ጤንነት ግን አንጠይቅም። አንድን ጥያቄ በተለያየ ቀን ደግሞ መጠየቅ፣ «ይህን አይተው ነው ወይስ ሰምተው?» ማለት፣ የቤተሰቡን ሰው ለብቻ ማነጋገር ቀላል ነገሮች ናቸው። ቃል ሲዛባም ማስታወሻችንን እንጂ ሰውየውን ውሸታም አንበል።

ሁለተኛ፣ ምስክር የምንፈልግበትን ቦታ እንለውጥ። እኛ ወንዶች ተመራማሪዎች ወንዶች ወደሚቀመጡበት፣ መጠጥ ወዳለበት ስንሄድ ኖረናል። ከዚያ የሚቀሩት ሴቶቹና መጠጥ የማይቀምሱት ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ጠማቂዋና ቀጂዋ ግን የሰፈሩን ወግ ሁሉ የምትሰማ፣ ራሷ የማትሰክር ሰው ናት።

ሦስተኛ፣ ለመረጃ ብለን መጠጥ አንጋብዝ። እኔ ለአያ የጋበዝኋቸው መለኪያዎች ሕመማቸውን አመጡ አልልም፤ ከዚያ በፊት ብዙ ዓመታት ነበሩ። ነገር ግን በሚሰጥም ሰው ላይ አንድ ጭልፋ ውኃ የጨመረ ሰው «ባሕሩን እኔ አልሠራሁትም» ብሎ ከደሙ ንጹሕ ሊሆን አይችልም።

አራተኛውና ለሁላችሁም የሚሆነው ይህ ነው። ይህ ሕመም በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል። ለዓመታት የጠጣ ሰው እህል ትቶ በድንገት ከተደናገረ፣ አካሄዱ ከተንገዳገደ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ካየ «ሰክሯል፣ ይተኛበት» ተብሎ የሚተው አይደለም። በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ተቋም ሄዶ ቲያሚን በመርፌ ሊሰጠው ይገባል፤ ሐኪሞች ይህን ግሉኮስ ከመስጠታቸው በፊት እንዲያደርጉት ይመከራል። በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው መጠጡን በአንድ ጊዜ ሲያቆምም አደጋ ስላለው በሐኪም ክትትል ይሁን። ሕክምናው ከዘገየ ግን ጉዳቱ ይጸናል። ቪክተር፣ አዳምስና ኮሊንስ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ታዋቂ ጥናት ሕሙማኑን ለረጅም ጊዜ ተከታትለው ከአራት አንዱ ያህል ምንም መሻሻል እንዳላሳየ ጽፈዋል። የቀሩት ግን መጠጥ ትተው፣ በሚገባ እየተመገቡ፣ በተለያየ መጠን ተሻሽለዋል። ተስፋው ትንሽ አይደለም።

የባለቤታቸውን ቃል በፈቃዳቸው መዝግቤያለሁ። በቀድሞው ጥናቴ ላይም የእርምት ማስታወሻ ጽፌ ከቅጂው ጋር እንዲያያዝ አድርጌያለሁ። በማስታወሻው ውስጥ አያን «የማይታመን ምንጭ» አላልኋቸውም። «የአሰብ ወደብ ሠራተኛ፤ ስለ አሰብ ሳይጠየቁ የቀሩ» ብያቸዋለሁ።